የሰጠመው መርከብ፣ ያልሰጠመው ክርክር

በኖቬምበር 2025 የኮሎምቢያ ባሕር ኃይልና የአገሪቱ ተመራማሪዎች ከካሪቢያን ባሕር ወለል ጥቂት ዕቃዎችን አወጡ። አንድ መድፍ፣ አንድ የፖርሴሊን ስኒ፣ ሳንቲሞች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዕቃዎቹ የወጡት 600 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ከተኛው፣ ሳን ሆሴ ከሚባለው የስፔን መርከብ ነው። ጋዜጦች ይህን መርከብ ባነሱ ቁጥር “በቢሊዮን ዶላር የሚገመት ወርቅ” የምትለዋን ሐረግ አይዘሏትም። እኔ ግምቱን ከቁም ነገር አልቆጥረውም፤ መርከቡ ውስጥ ያለውን ወርቅና ብር ቆጥሮ የጨረሰ ሰው የለምና። የሚያስገርመው ሌላ ነው። ለዚያች አንዲት ስኒ ባለመብት ነኝ የሚሉት ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚጠቅሱት ሕግ አያጡም።

ሳን ሆሴ የሰጠመው ጁን 8 ቀን 1708 ነው። አውሮፓ በስፔን ዙፋን ውርስ ጦርነት ትታመስ ነበር። መርከቡ በዛሬዋ ፓናማ ካለው ከፖርቶቤሎ የንግድ ገበያ የፔሩን ወርቅና ብር ጭኖ በዛሬዋ ኮሎምቢያ ወዳለው ወደ ካርታኼና ወደብ ሲቃረብ በቻርልስ ዌጀር የሚመራ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቡድን ጠበቀው። በተኩስ ልውውጡ መካከል መርከቡ ፈነዳና ሰጠመ። ከተሳፈሩት 600 ያህል ሰዎች የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለፍርድ ቤቶች ይህ የሰው ቁጥር እምብዛም አያስጨንቃቸውም፤ የሚያስጨንቃቸው ጭነቱ ነው።

ባለመብት ነን ባዮቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ኮሎምቢያ “መርከቡ በእኔ ውኃ ውስጥ ስለተገኘ የእኔ ቅርስ ነው” ትላለች። ስፔን በበኩሏ ሳን ሆሴ የስፔንን ባንዲራ ያውለበለበ የመንግሥት የጦር መርከብ እንደነበረ፣ የጦር መርከብ ደግሞ ስለሰጠመ ብቻ ከባለቤቱ እጅ እንደማይወጣ፣ ከዚያም በላይ ስፍራው የዜጎቿ መቃብር እንደሆነ ትከራከራለች። ሲ ሰርች አርማዳ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አለ፤ የእርሱ ክርክር መብቱን ያስተላለፈለት ሌላ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ መርከቡ ያለበትን አካባቢ አግኝቶ ለኮሎምቢያ መንግሥት አስታውቋል የሚል ነው። ኮሎምቢያ በ1984 የአግኚውን ድርሻ ወደ አምስት በመቶ የሚያወርድ ድንጋጌ አወጣች፤ ኩባንያው ከሰሰ። በ2007 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ለሁለት ከፈለው፦ የባህል ቅርስ የሆነው የሕዝብ ነው፣ ቅርስ ያልሆነው ሀብት ግን እኩል ይካፈላል አለ። ታዲያ ከሦስት መቶ ዓመት መርከብ ውስጥ ቅርስ ያልሆነው የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ፍርዱ ለወደፊት ተወው። በ2015 መንግሥት መርከቡን ራሱ አገኘሁ ሲል ኩባንያው ዐሥር ቢሊዮን ዶላር እንዲከፈለው ጠየቀ፤ ጉዳዩም በአሜሪካና በኮሎምቢያ የንግድ ስምምነት መሠረት ሄግ ወደሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ። ኮሎምቢያ መርከቡ ኩባንያው በሰጠው ነጥብ ላይ የለም ባይ ናት።

የመጨረሻዎቹ ጠያቂዎች ቃራ ቃራ የሚባሉት የቦሊቪያ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የእነርሱ ነገር ከሁሉም ይከብደኛል። የስፔን ዘውድ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሚታ በሚባል ሥርዓት የአንዲስ ተራሮችን ነዋሪዎች እያፈራረቀ በዛሬዋ ቦሊቪያ በሚገኘው በፖቶሲ የብር ማዕድን በግድ ያሠራ ነበር። ቃራ ቃራዎች “ያ ብር የአባቶቻችን ጉልበትና ሕይወት ነው” ይላሉ። ስፔን ባንዲራዋን፣ ኮሎምቢያ የባሕር ክልሏን፣ ኩባንያው ውሉን ይዞ ሲቀርብ እነርሱ የሚይዙት አንቀጽ ፈልገው ማግኘት አለባቸው። የባሕር ሕግ ባለቤትን ያውቃል፣ አግኚን ያውቃል፣ ባንዲራን ያውቃል። ማዕድኑን ለቆፈረው ሰው ግን ቦታ አላዘጋጀም።

ይህ ሁሉ ዝብርቅርቅ የመጣው ከየት ነው? መነሻው በራሱ ክፉ ያልሆነ፣ እንዲያውም ብልህ የሆነ አንድ የቆየ ደንብ ነው። ማዕበል መርከብ ሲሰብር ያየ ሁሉ “ምን አገባኝ” ብሎ ካለፈ፣ ወይም አገኘሁ ብሎ ከዘረፈ፣ ጭነቱን ለባሕር የሚያምን ነጋዴ አይኖርም። ስለዚህ ከጥንቶቹ የሜዲትራኒያን ነጋዴዎች ጀምሮ አንድ ልማድ ጸና። ግዴታ ሳይኖርበት የሌላውን ንብረት ከባሕር አደጋ ያዳነ ሰው ካሳ ይከፈለዋል፤ ደክሞ ካላዳነ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ የማዳን ሕግ ይባላል። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ ሳይቀር ስለ ማዳን የሚደነግግ ክፍል አለው። ባለቤቱ መርከቡን ፈጽሞ ከተወው ደግሞ ሌላ ደንብ ይመጣል፤ ያገኘው ይወስደዋል።

ደንቡ የተሠራው ለትናንት አደጋ ነው። በተለይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ግን ለሦስት መቶ ዓመት የመርከብ ስባሪም ሠሩበት። ካሳ ለማግኘት ንብረቱ አደጋ ላይ መሆን አለበት፤ ዳኞቹም ከባሕር በታች ያለ ነገር ሁልጊዜ አደጋ ላይ ነው አሉ። አርኪዮሎጂስቶች ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሰጠመ መርከብ የመጀመሪያዎቹን ዐሥርት ዓመታት በጨው፣ በትልና በማዕበል ይጎዳል፤ ከዚያ ግን በደለል ተሸፍኖ ከአካባቢው ጋር ይላመዳል፤ ጥፋቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። አየርና ብርሃን የሌለበት ጭቃ እንጨትን፣ ገመድን፣ ቆዳን እንኳን ጠብቆ ያቆያል። አደጋው የሚጀምረው አንድ ሰው ሊያድነው ሲመጣ ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በደቡብ ቻይና ባሕር ከተገኘው ከኼልደርማልሰን የሆላንድ መርከብ የወጣው ሸክላ ጥሩ ምስክር ነው። መርከቡ በ1752 የሰጠመ ሲሆን፣ ከ100 ሺህ በላይ የቻይና ሸክላዎች ወጥተው በ1986 አምስተርዳም ላይ በጨረታ ተቸበቸቡ። ገዢዎች ሳህን አገኙ፤ ሻጮች ገንዘብ አገኙ። ሸክላው በመርከቡ ውስጥ እንዴት እንደተደረደረ፣ መርከቡ ራሱ እንዴት እንደተሠራ፣ መርከበኞቹ ምን ይበሉ እንደነበር የሚነግረው ማስረጃ ግን በአብዛኛው ሳይመዘገብ ቀረ። አንድ ስባሪ የሚነበበው አንዴ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ካልተመዘገበ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ከዚያ በ1804 የሰጠመው የስፔን መርከብ፣ የመርሴዲስ ጉዳይ መጣ። ይህ ክስ ለውጥ አምጥቷል፤ የብዙ ሰው ተስፋም ከመጠን በላይ ተንጠልጥሎበታል። መርሴዲስ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ስፔን ሲመለስ ኦክቶበር 5 ቀን 1804 ከፖርቱጋል ደቡባዊ ጠረፍ ባሻገር የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አስቆሙት፤ ሁለቱ አገሮች በይፋ ጦርነት ላይ አልነበሩም። ፈንድቶ ሰጠመ። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩበት። በ2007 ኦዲሴ የተባለ የፍሎሪዳ ኩባንያ ከ500 ሺህ በላይ ሳንቲሞች፣ በክብደት 17 ቶን ያህል፣ አወጣና በጂብራልታር በኩል በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ወሰደ። የመርከቡን ማንነት ሳይገልጥ “ጥቁር ስዋን” የሚል የምስጢር ስም ሰጠው። ከዚያም ታምፓ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ተከሳሹ የሰጠመው መርከብ ራሱ ነበር። (አዎን፣ በባሕር ሕግ መርከብ እንደ ሰው ይከሰሳል፣ ይታሰራልም።)

ስፔን ገብታ ተከራከረች። ኩባንያው ያቀረበው መልስ ቀላል የሚባል አልነበረም፦ መርከቡ የጦር መርከብ ቢሆንም ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የንግድ ሥራ ነው፣ ከጭነቱ አብዛኛው የግል ነጋዴዎች ገንዘብ ነበር አለ። ፔሩም “ሳንቲሞቹ የተቀረጹት በእኔ ምድር፣ ከእኔ ብር ነው” ስትል ቀረበች። ዳኞቹ ወደ ጭነቱ ዝርዝር አልገቡም። መርሴዲስ የስፔን ባሕር ኃይል መርከብ ነው፤ የሌላ ሉዓላዊ አገር የጦር መርከብ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሊታሰር አይችልም፤ ጭነቱም ከመርከቡ አይነጠልም ብለው መዝገቡን ዘጉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2011 አጸናው። በፌብሩዋሪ 2012 ሳንቲሞቹ በሁለት የስፔን ወታደራዊ አውሮፕላኖች ተጭነው ማድሪድ ገቡ። ኩባንያው ላወጣው ወጪ ምንም አላገኘም፤ በኋላም ለስፔን የጠበቃ ወጪ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ታዘዘ።

ብዙዎች ይህን የቅርስ ድል አድርገው አወደሱት። እኔ አይመስለኝም። ፍርዱን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚናገር መሠረት አያገኝበትም፤ የተረጋገጠው የአንድ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ነው። መርሴዲስ የግል ነጋዴ መርከብ ቢሆን ኖሮ ያው ፍርድ ቤት ያው ሕግ ይዞ ሳንቲሞቹን ለኩባንያው ሊሰጥ ይችል ነበር። የፔሩ ጥያቄም ሳይመረመር ነው የቀረው። ቅኝ ገዢው መርከቡን ስላሰለፈ ብቻ ብሩ ወደ ቅኝ ገዢው ተመለሰ።

ዓለም አቀፉ ሕግስ? የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ከሦስት መቶ በላይ አንቀጾች አሉት፤ ከእነዚያ ውስጥ ስለ አሮጌ ስባሪዎች የሚናገሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንቀጽ 149 እና አንቀጽ 303። ሁለተኛው አገሮች በባሕር የተገኙ ታሪካዊ ዕቃዎችን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው ብሎ ይጀምርና፣ ዝቅ ብሎ ይህ ድንጋጌ የማዳን ሕግን አይነካም ይላል። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ወሰደ ማለት ነው።

ክልሎቹም ችግር አላቸው። እስከ 12 የባሕር ማይል የግዛት ባሕር ነው፤ የጠረፉ አገር እንደ የብሱ ያዝበታል። እስከ 24 ማይል ባለው ቀጣይ ቀጣና ደግሞ ስምምነቱ አንድ ብልኀት ፈጠረ፤ ከዚያ ወለል ላይ ያለ ፈቃድ ዕቃ ያነሣ ሰው በአገሪቱ ግዛት ውስጥ የጉምሩክ ሕግ እንደጣሰ ሊቆጠር ይችላል። ከዚያ ወጥቶ እስከ 200 ማይል ያለው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ነው፤ በዚያ የጠረፉ አገር በዓሣው፣ በነዳጁና በጋዙ ላይ መብት አለው። በጥንት መርከብ ላይ ግን የለውም፤ መርከብ የተፈጥሮ ሀብት አይደለማ። በድርድሩ ወቅት ግሪክና ሌሎች ጥቂት አገሮች ይህን ክፍተት ለመድፈን ሞክረው ነበር። አሜሪካና ሌሎች ታላላቅ የባሕር ኃይሎች ዛሬ ለሸክላ የተሰጠ ሥልጣን ነገ የጦር መርከቦቻችንን ያስቆማል ብለው ተቃወሙ። ክፍተቱ እንዳለ ቀረ።

ይህን ለመሙላት ነው ዩኔስኮ በኖቬምበር 2001 የውኃ ውስጥ ባህላዊ ቅርስ ጥበቃ ስምምነትን ያጸደቀው። ሰማንያ ሰባት አገሮች ደገፉ፣ አራት ተቃወሙ፣ 15 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ሥራ ላይ የዋለው በ2009 መጀመሪያ ነው። ዋናው ሐሳቡ ቅርሱ ባለበት ይቆይ የሚለው ነው፤ ማውጣት ፈጽሞ ባይከለከልም፣ ከመነካቱ በፊት ባለበት መጠበቅ የመጀመሪያ አማራጭ ሆኖ መታየት አለበት። ሁለተኛው ምሰሶ ቅርስ ለንግድ አይበዝበዝም፣ አይሸጥም፣ አይበተንም ይላል። የማዳን ሕግ ደግሞ በሦስት ጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር አይሠራበትም። ስምምነቱ ቅርሱ የማን ነው የሚለውን ሆን ብሎ አይመልስም፤ ማን ይጠብቀው፣ እንዴት ይቆፈር የሚለውን ይመልሳል። ይህን ዝምታ እንደ ድክመት የሚያዩት አሉ፤ እኔ ከጥንካሬዎቹ አንዱ ይመስለኛል። ስለ ባለቤትነት ቢከራከሩ ኖሮ እስካሁንም አይፈራረሙም ነበር።

የተቀበሉት አገሮች ከ70 በላይ ደርሰዋል። የሚጎድሉትን ስም ስታዩ ግን ትገረማላችሁ። አሜሪካ አልገባችበትም፤ ብሪታንያም አልገባችበትም። በሳን ሆሴ ጉዳይ የተፋጠጡትን ብንመለከት ኮሎምቢያ የ2001ዱንም የ1982ቱንም ስምምነት አላጸደቀችም፤ የአሜሪካው ኩባንያ አገርም እንዲሁ። ሁለቱንም የተቀበለችው ስፔን ናት። እንግዲህ ነገሩ የሚዳኘው ቅርስ ለመጠበቅ በወጣ ዓለም አቀፍ ሕግ መሆኑ ቀርቶ ኢንቨስተሮችን ለመጠበቅ በወጣ የንግድ ውል ሆነ።

ኮሎምቢያም በራሷ ሕግ ስትወላውል ቆይታለች። በ2013 ያወጣችው ሕግ ተመሳሳይነታቸው የበዛ ሳንቲሞችና የብር ጡቦች ከቅርስነት ወጥተው የቁፋሮ ወጪ መሸፈኛ እንዲሆኑ በር ከፍቶ ነበር። አንድ ሳንቲም ቅርስ ከሆነ አንድ ሺሁ ለምን ሸቀጥ ይሆናል? ለታሪክ አጥኚ እኮ ብዛቱ ራሱ ማስረጃ ነው። ተመራማሪዎች በ2025 ያተሙት ጥናት የመርከቡን ማንነት ካጠናከረባቸው ማስረጃዎች አንዱ በሊማ የተቀረጹ፣ የ1707 ዓመት የተጻፈባቸው ሳንቲሞች ናቸው፤ እነዚያ “ተመሳሳይ” ሳንቲሞች። መንግሥት በ2020 መርከቡን ከነጭነቱ ብሔራዊ ቅርስ ነው ብሎ አወጀ፤ በ2024 ደግሞ ስፍራውን የተጠበቀ የአርኪዮሎጂ ክልል አደረገው። ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛ መንገድ ነው።

ወርቅ የጫነ መርከብ ቢያንስ ጠበቃ አያጣም። ብረት ብቻ የሆነው መርከብ ግን ማንም ሳያይ ይጠፋል። በ2016 የሆላንድ ጠላቂዎች በ1942ቱ የጃቫ ባሕር ውጊያ የሰጠሙትን የአገራቸውን የጦር መርከቦች ለማየት ሲወርዱ ከሁለቱ፣ ከዴ ራውተርና ከያቫ፣ በወለሉ ላይ የቀረው የቅርጻቸው አሻራ ብቻ ነበር። የብሪታንያ መርከቦችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። በሺህ ቶን የሚቆጠር ብረት፣ ነሐስና መዳብ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ተሽጧል። የሞቱት መርከበኞች አጽም የት እንደደረሰ የሚነግር የለም። በ2023 ማሌዢያ አንድ የቻይና መርከብ አግታ ስትፈትሽ የአሮጌ ጦርነት የመድፍ ጥይቶች ተገኙበት፤ ጥርጣሬው በዲሴምበር 1941 ወደሰጠሙት የብሪታንያ የጦር መርከቦች ወደ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስና ሪፓልስ ጠቆመ።

እዚህ ላይ የ2001ዱ ስምምነት አንድ ጉድለት ይጋለጣል። ስምምነቱ ቅርስ የሚለው ቢያንስ 100 ዓመት በውኃ ውስጥ የቆየውን ነው። ታይታኒክ በ2012 መቶ ዓመት ሞላውና ገባ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቦች ከ2039 ጀምሮ በየተራ ነው የሚገቡት። የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይህን ያህል አይጠብቅም። ገደቡ ለድርድር ሲባል የተቀመጠ መሆኑ ይገባኛል፤ ከመቶ ዓመት በታች የሆነውን ሁሉ ቅርስ ማለት ኢንሹራንስ ኩባንያዎችንና መርከብ ባለቤቶችን ያስነሣል። ዳሩ ግን የጦር መቃብሮችን ለብቻቸው ለይቶ ቀድሞ ማስገባት ይቻል ነበር።

ወደ ቀይ ባሕር እንምጣ። በ1995 በኤርትራ ጠረፍ፣ በዳህላክ ደሴቶች አካባቢ፣ ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ አንድ ጥንታዊ ስባሪ ተገኘ። በ1997 አርኪዮሎጂስት ራልፍ ፔደርሰን የመራው ቡድን ውስን ቁፋሮ አደረገበት። ወርቅ አልነበረም። የተገኙት በአብዛኛው ባለሁለት እጀታ የሸክላ እንስራዎች ናቸው፤ ዓይነታቸው በዛሬዋ ዮርዳኖስ በአይላ፣ በአሁኑ ስሟ በአቃባ፣ ይሠራ የነበረ ነው፤ በአዱሊስና በአክሱምም የዚሁ ዓይነት ተገኝቷል። መርከቡ የአክሱም ዘመን የንግድ መስመር ምስክር መሆኑ ነው። ጨረታ ላይ ቢወጣ ብዙ ብር አያወጣም፤ ስለ አክሱም የባሕር ንግድ ግን ከብዙ ሳንቲም በላይ ይናገራል።

ስፍራው የኤርትራ የግዛት ባሕር ነው፤ በሕጉ ቁፋሮ የመፍቀድም የመከልከልም ሥልጣን የአሥመራ ብቻ ነው። የ2001ዱ ስምምነት ከቅርሱ ጋር “የተረጋገጠ ትስስር” ላላቸው አገሮች ስፍራ የሚሰጠው በዋናነት ከግዛት ባሕር ውጭ ነው፤ በግዛት ባሕር ውስጥ ለሚገኝ ቅርስ አጎራባች አገሮች በጋራ ስምምነት እንዲተባበሩ ከማበረታታት አያልፍም። ከግዛት ባሕር ወጥቶ በቀይ ባሕር ጥልቅ ክፍል ስለሚገኝ የአክሱም ዘመን መርከብ ግን ኢትዮጵያ፣ ጠረፍ ባይኖራትም፣ በባህልና በታሪክ ትስስር ድምፅ ልታሰማ የምትችልበት አንቀጽ አለ። ለዚያ የስምምነቱ አባል መሆን ያስፈልጋል።

ጠረፍ የሌለው አገር የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ፤ ከዚህ ሁሉ ለማስፈጸም የሚቀለውም እርሱ ነው። ስምምነቱ አባል አገሮች በሕገወጥ መንገድ የወጣ የውኃ ውስጥ ቅርስ ወደ ግዛታቸው እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይያዝ፣ ዜጎቻቸውም በዚያ ሥራ እንዳይሰማሩ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። የመርሴዲስ ሳንቲሞች ከአውሮፓ የወጡት በአየር ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ የአፍሪካ ትልቅ የአየር ጭነት መተላለፊያ ናት። በሻንጣ የመጣን፣ የባሕር ቅርፊት የተጋገረበትን እንስራ ከተራ የሸክላ ዕቃ ለይቶ “ይህ ከየት መጣ?” የሚል የሠለጠነ የጉምሩክ ሠራተኛ ለማቆም ወደብ አያስፈልግም።